ስሕተቱን በዜማው የማርኩለት ፊልም

ደሴን እንደ ልማዷ ጉም በሸፈናት ባለፈው ቅዳሜ፣ ከእናቴ ጋር ቤት ተቀምጠን እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣውን «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» የተባለውን ሙዚቃዊ ፊልም እንደገና ተመለከትን። ወደ 3 ሰዓት የሚጠጋ በመሆኑ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ መንዛዛቱ አይካድም፤ የጁሊ አንድሩስ ድምፅ ግን፣ በተለይ ልጆቹን የዜማ ፊደል በምታስቆጥርበት ትዕይንት፣ እንግሊዝኛ የማትሰማውን እናቴን ሳይቀር የረከቦቱን ጠርዝ በጣቷ እያስመታት ጀበናው እስኪገነፍል አዘናግቷታል።

ታሪኩን በተመለከተ ፊልሙ እንደ ልቡ ሆኗል። ጁሊ አንድሩስ የምትጫወታት እውነተኛዋ ማሪያ ሚስቱ ወደሞተችበት ኦስትሪያዊ ካፒቴን ቤት የገባችው፣ ፊልሙ እንደሚለው የሰባቱም ልጆቹ ሞግዚት ሆና ሳይሆን የአንዲት ታማሚ ልጅ አስተማሪ ሆና ነው፤ ካፒቴኑን ያገባችውም በ1927፣ ማለትም ናዚዎች ኦስትሪያን ከመያዛቸው 11 ዓመት በፊት ነበር። ሙዚቃ ወዳዱን አባት ቀዝቃዛና ቁጡ አድርጎ መሳሉ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስከፋኛል።

ቤተሰቡ በ1938 አገሩን ለቆ የወጣው በባቡር ወደ ጣሊያን እንጂ በፊልሙ መጨረሻ እንደሚታየው ተራራ በእግሩ አቋርጦ ወደ ስዊዘርላንድ አልነበረም። ከሳልዝበርግ በላይ ያለው ተራራ የሚያደርሰው ወደ ስዊዘርላንድ ሳይሆን ወደዚያው ወደ ጀርመን ስለሆነ፣ ከደሴው ተራራ ከጦሳ ሥር ያደገ ሰው (ከተራራው ወዲያ ያለውን እረኛው ሁሉ ያውቀዋልና) እንዲህ ያለ ስሕተት እንደማይሠራ ለእናቴ ነገርኳት።

«አንተ ዝም በልና ልጆቹ ይለፉ» አለችኝ።