«መንፈሳዊ» የሚለው ፎልደርና በውስጡ ያገኘኋቸው መላእክት

የታኅሣሥ ገብርኤል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ ፊልም የሚጭን ሱቅ ፍላሼን ይዤ ገባሁና ስለ መላእክት የተሠሩ ፊልሞች እንዲጭንልኝ ልጁን ጠየቅሁት። ኮምፒውተሩ ላይ «መንፈሳዊ» የሚል ፎልደር ከፍቶ አራት ፊልም በ40 ብር ጫነልኝ። በአገልግሎቱ የምከፋበት ምክንያት የለኝም፤ የአንዱ ፊልም መጨረሻ ተቆርጦ በማግስቱ ስመለስ ያለ ክርክርና ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቀይሮልኛል። ቅሬታዬ በፎልደሩ ስም ላይ ነው።

መጀመሪያ የከፈትሁት እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን «ኮንስታንቲን» ነው። በዚህ ፊልም ተዋናይቷ ቲልዳ ስዊንተን ገብርኤልን ሆና ትጫወታለች፤ መልአኩም የሰው ልጅ በመከራ ካልተፈተነ ለእግዚአብሔር ፍቅር የተገባ አይሆንም በሚል የሰይጣንን ልጅ ወደ ምድር ለማምጣት ያሴራል። በሉቃስ ወንጌል ራሱን «በእግዚአብሔር ፊት የምቆመው ገብርኤል ነኝ» ብሎ ያስተዋወቀውን መልአክ ከሃዲ አድርጎ የሚያሳይ ፊልም፣ ከተማችን ለክብረ በዓሉ በሚመጣ ምእመን ልትጨናነቅ በተቃረበችበት ሰሞን «መንፈሳዊ» ተብሎ መሸጡ ቢያንስ ግዴለሽነት ነው። በአስፈሪ ፊልምነቱ ግን አይናቅም።

እ.ኤ.አ. በ1946 የተሠራው «ኢትስ ኤ ዎንደርፉል ላይፍ» የዋህ ነው። ክላረንስ የተባለው መልአክ ቀድሞ ሰው የነበረ ሲሆን ክንፍ የሚሰጠው መልካም ሥራ ሠርቶ ነው፤ የሞተ ሰው መልአክ ይሆናል የሚል ቃል ግን በመጽሐፍ ቅዱስ የለም። ያም ሆኖ፣ ራሱን ሊያጠፋ ድልድይ ላይ የቆመውን ሰው ለማዳን ክላረንስ ቀድሞ ወንዝ ውስጥ ሲዘልና ሰውየው የራሱን ሐሳብ ረስቶ ሊያወጣው ሲገባ፣ የዕብራውያን መልእክት መላእክትን ለማገዝ የሚላኩ መናፍስት ማለቱን አስታውሶኛል።

የቀሩት ሁለቱ አንድ ታሪክ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው «ሲቲ ኦፍ ኤንጅልስ» የተሠራው የጀርመናዊውን ዳይሬክተር የቪም ቬንደርስን እ.ኤ.አ. የ1987 ፊልም «ዊንግስ ኦፍ ዲዛየር»ን መሠረት አድርጎ ነው። በሁለቱም መልአኩ ሴት ወድዶ ሰው ይሆናል። ሄኖክን በቀኖናው ከሚቆጥር ቤተ ክርስቲያን ለወጣ ተመልካች ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም፤ በመጽሐፈ ሄኖክ 200 መላእክት ሴቶችን ተመኝተው በአርሞን ተራራ ላይ ይወርዳሉና። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። በሄኖክ መውረዱ ራሱ ወንጀል ነው፤ ልጆቻቸው ምድርን የሚበሉ ረዓይት (ግዙፋን) ይሆናሉ፤ ሄኖክ ያቀረበላቸው ልመናም ተቀባይነት አያገኝም። በፊልሞቹ ግን መውረዱ ሽልማት ነው፤ የጀርመኑ ፊልም ዓለምን በመልአኩ ዓይን ጥቁርና ነጭ አድርጎ ካሳየን በኋላ፣ እርሱ ሰው ሲሆን ወደ ቀለም ይለወጣል።

ይሁን እንጂ ከአራቱ የሚበልጠው ይኸው የጀርመኑ ነው። ባቡር ውስጥ ተስፋ የቆረጠ ሰው አጠገብ መልአኩ ተቀምጦ በዝምታ ሲዳስሰው፣ የሰውየው ሐሳብ ቀስ በቀስ ሲቃና እንሰማለን። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ለምኖ በተኛ ጊዜ መልአኩ ዳስሶ «ተነሥተህ ብላ» ያለውን ያስታውሳል። አሜሪካኖቹ በረጅም ጥቁር ካፖርትና በሙዚቃ የተኩት ይህን ነው።

በአራቱም ያጣሁት ፍርሃትን ነው። ዳንኤል ፊቱ መብረቅ፣ ዓይኖቹ እንደሚንበለበል ፋና የሆነውን ባየ ጊዜ ኃይሉ ጠፍቶ በምድር ላይ ተደፋ፤ ለዘካርያስም ሆነ ለእመቤታችን «አትፍራ»፣ «አትፍሪ» የተባለው በከንቱ አልነበረም። በክንፍ ጉዳይ እንኳ ሆሊውድን መውቀስ አይገባንም፤ የእኛም ሠዓሊዎች አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ሦስት ሰዎች አድርጎ ያያቸውን ትተው ክንፍ ያበዛሉ። ነገር ግን አርባዕቱ እንስሳን ሲሥሉ የሰው፣ የአንበሳ፣ የላምና የንስር ፊት ያለውን የሕዝቅኤልን ራእይ አይሸሹትም። ፊልም ሠሪዎቹ ያን ያህል ደፍረው አላየሁም።

ፍላሽ ይዞ ለሚሄድ ሰው የጀርመኑን እንዲያስጭን እመክራለሁ። ልጁንም «ኮንስታንቲንን» ወደ አስፈሪዎቹ ፎልደር እንዲያዛውረው ነግሬው ነበር፤ ሳቅ ብሎ «ጋሼ፣ በገብርኤል ሰሞን ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው» አለኝ።