ቤንዚን የማይሸጠው የሼል ማደያ፦ ፉልሃም፣ ለንደን

ይሄን የምጽፈው ለንደን ውስጥ ሚኒካብ (በቀጠሮ የሚጠራ ታክሲ) ለምትሠሩና ከቤንዚን ልውጣ አልውጣ እያላችሁ ለምታመነቱ ነው። ፉልሃም ሮድ ላይ አንድ የሼል ማደያ አለ። ቤንዚን የለውም፣ ናፍጣም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ ሼል የድሮ ፓምፖቹን ነቅሎ በምትካቸው 9 የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀሮች ተከለ። በእንግሊዝ ካሉት ማደያዎቹ ሙሉ በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ የዞረው የመጀመሪያው ይሄ ነው።

አገልግሎቱ ጥሩ ነው። ግቢው ንጹሕ ነው። ከላይ የእንጨት ጣሪያ አለው፣ ስለዚህ ዝናብ አይመታችሁም። ብዙ ቻርጀር ሜዳ ላይ ነው የሚተከለው፤ ለቤንዚን ቀጂ ጥላ ሲሠራ ኖሮ ለኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ለምን እንደሚከለከል ገብቶኝ አያውቅም። ካርድ ነካ አድርጋችሁ ትከፍላላችሁ። አፕ አውርድ፣ ተመዝገብ፣ የይለፍ ቃል ፍጠር የለም። ኮስታ ቡና ቤትና ትንሽ የዌትሮዝ ሱፐርማርኬት አሉት። የኮስታን ቡና ቡና ማለት ለሀበሻ ይከብዳል፣ እንቅልፍ ግን ያባርራል።

ቻርጀሮቹ ላይ 175 ኪሎዋት የሚለውን አይታችሁ ግን ብዙ አትጓጉ። ፍጥነቱን የሚወስነው መኪናችሁ ነው። የኔ ኪያ ኒሮ፣ ባለ 64 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው፣ ቢበዛ ወደ 75 ኪሎዋት ነው የሚቀበለው። የቀረው የማሽኑ አቅም ለኔ ጌጥ ነው። ከ20 በመቶ ተነስቶ 80 ለመድረስ ወደ 40 ደቂቃ ይፈጃል፣ ብርድ ሲሆን ደግሞ ከዚያም በላይ። ከ80 በኋላ ባትሪው ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ 100 እስኪሞላ የሚጠብቅ ሾፌር የራሱንም የኋለኛውንም ሰው ጊዜ ነው የሚበላው። እባካችሁ፣ 80 ላይ ንቀሉ።

ዋጋ ላይ እንምጣ። የትኛውም ፈጣን የመንገድ ቻርጀር ቤት ከመሰካት እጅግ ይወደዳል። አንዱ ምክንያት ታክሱ ነው፦ ለቤት መብራት ቫቱ 5 በመቶ ሲሆን መንገድ ላይ ስትሰኩ 20 በመቶ ነው። መኪና ማቆሚያ ግቢ ያለው ማታ ሰክቶ ይተኛል፣ ፎቅ ላይ ተከራይቶ የሚኖር ደግሞ ታክሱን አራት እጥፍ ይከፍላል። ይሄ የመንግሥት ጥፋት ነው፣ የሼል አይደለም።

ለፎቅ ነዋሪ የሚሻለው የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ የተገጠሙት የኡቢትሪሲቲ ቻርጀሮች ናቸው። እነሱም ከ2021 ጀምሮ የሼል ናቸው። ወደ 5 ኪሎዋት ብቻ ስለሚሰጡ ቀርፋፋ ናቸው፤ ግን እናንተ ስትተኙ እነሱ ይሠራሉ። ማታ ምሰሶው ላይ፣ ቀን ሥራ ሲበዛ ብቻ ፉልሃም፤ የኔ ዘዴ ይሄ ነው።

አሁን ስለ «አረንጓዴ» ወሬው። ጣሪያው ላይ ሶላር አለ፣ ያምራልም። ሂሳቡን ግን ሥሩት። 9 ቻርጀር በ175 ሲባዛ 1,575 ኪሎዋት ነው። ለንደን ላይ ያውም በኅዳር ያ ጣሪያ ያንን አይሸከምም። መኪናችሁ ውስጥ የሚገባው መብራት ጎረቤት ቤት ከሚገባው የማይለይ ነው፣ ከዚያው መስመር ነው የሚመጣው። መቶ በመቶ ታዳሽ የሚባለው ኩባንያው ለሚወስደው መብራት ልክ የታዳሽ ምንጭ ሰርተፊኬት ስለሚይዝ ነው። ውሸት አይደለም፣ ግን ከጣሪያው ወደ መኪናዬ ቀጥ ብሎ ይወርዳል ብላችሁ አታስቡ።

ኩባንያውን ራሱን በተመለከተ እምነቴ ትንሽ ነው። በ2021 የነዳጅ ዘይት ምርቴን በየዓመቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ እቀንሳለሁ ብሎ ነበር። በ2023 አዲሱ ሥራ አስፈጻሚ ዋኤል ሳዋን መጥተው ቅነሳው ቀድሞ ተሳክቷል፣ ከእንግዲህ እስከ 2030 ምርቱ ባለበት ይቆያል አሉ። የተሳካው እንዴት ነው? በአብዛኛው አሜሪካ ውስጥ ፐርሚያን የሚባለውን የነዳጅ ቦታውን ኮኖኮፊሊፕስ ለሚባል ሌላ የነዳጅ ኩባንያ በ9.5 ቢሊዮን ዶላር ሸጦ ነው። ጉድጓዶቹ አልተዘጉም። ባለቤት ቀየሩ፣ ነዳጁ መውጣቱን ቀጠለ።

በዚያው 2023 በእንግሊዝና በጀርመን ለቤቶች መብራትና ጋዝ የሚሸጥበትን ክፍል ኦክቶፐስ ለሚባል ሌላ የመብራት ድርጅት ሸጠ። ብዙ ሰው ሳይጠየቅ ደንበኝነቱ ተላለፈ። አዲስ አበባ ያደግን ደግሞ ይሄን ጠባዩን እናውቀዋለን፤ የኢትዮጵያ ማደያዎቹን እ.ኤ.አ. በ2008 ለኦይሊቢያ ሸጦ ሲሄድ ቢጫው ዛጎል ወርዶ ሌላ ታፔላ ተሰቀለ። የማያዋጣውን ሥራ ይዞ የሚቆይ ኩባንያ አይደለም። ነጋዴ ነውና አልፈርድበትም፣ ግን ፉልሃምን እንደ ንስሐ አልቆጥርለትም።

ስለዚህ ለማደያው ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ፣ ለኩባንያው ቃል ሁለት። የሌሎች ድርጅቶችን አፕም ስልካችሁ ላይ አኑሩ፤ በአንድ ኩባንያ ላይ አትንጠልጠሉ።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ረፋድ ላይ ሂዱ። ቼልሲ በሜዳው የሚጫወትበትን ቀን ግን አስቀድማችሁ እዩ፤ ስታምፎርድ ብሪጅ እዚያው ፉልሃም ሮድ ላይ ስለሆነ ከጨዋታ በፊትና በኋላ መንገዱ ጥርቅም ይላል።