ለጥበብ ሥራ የመጀመሪያውን ሲኤንሲ ራውተር ስታስመጡ፦ 3018፣ 6090 ወይስ 1325?

ሲኤንሲ ራውተር በኮምፒውተር እየተመራ እንጨት የሚቆርጥና የሚቀርጽ ማሽን ነው። የሻጮችን ማስታወቂያ ስትከፍቱ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው የጠረጴዛው ስፋት ነው። ቀጥሎ የስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያዞረው ሞተር) ኪሎዋት፣ ከዚያ የፍጥነቱ ቁጥር ይመጣል። ማሽኑ ካቢኔ ለመቁረጥ የሚገዛ ከሆነ እነዚህ ሦስቱ ብዙ ይናገራሉ። ፊት፣ አበባ፣ ሐረግ ወይም ያጌጠ ፊደል ለመቅረጽ ከሆነ ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ስፒንድሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው ክፍል፣ ማለትም ዜድ አክሲስ፣ ምን ያህል ጠንካራና ፈጣን ነው? እኔ ማሽን ሳወዳድር ከሁሉም በፊት የማየው እሱን ነው።

ለምን እንደሆነ በሒሳብ ላሳያችሁ። 30 በ30 ሴንቲሜትር በሆነ እንጨት ላይ የሰው ፊት በሪሊፍ፣ ማለትም ከጠፍጣፋው ገጽ ከፍ ዝቅ በሚል ቅርጽ፣ ልትቀርጹ ነው እንበል። የማጠናቀቂያው ቢት (መቁረጫ) ጫፉ ድቡልቡል ነው፤ እንጨቱን መስመር በመስመር እየተመላለሰ ያርሰዋል። በሁለት መስመሮች መካከል 0.25 ሚሊሜትር ብትተዉ 1,200 ጊዜ ይመላለሳል። አንዱ ጉዞ 30 ሴንቲሜትር ስለሆነ ጠቅላላው 360 ሜትር ነው። በደቂቃ 1 ሜትር የሚሄድ ማሽን 6 ሰዓት ይፈጅበታል፤ 3 ሜትር የሚሄደው 2 ሰዓት።

ማስታወቂያው የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ፊት ላይ አፍንጫ አለ፣ የዓይን ቆብ አለ፣ የከንፈር ጠርዝ አለ። ቢቱ በየሚሊሜትሩ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። ዜድ ቀርፋፋ ከሆነ ሌሎቹ ሁለት አክሲሶች እሱን ለመጠበቅ ይንቀራፈፋሉ። «በደቂቃ 10 ሜትር» የሚለው ቁጥር ማሽኑ ሳይቆርጥ ቀጥ ብሎ ሲሮጥ የሚደርስበት ነው። በሪሊፍ ሥራ ላይ ዋጋ ያለው፣ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ምን ያህል ቶሎ ፍጥነቱን መልሶ እንደሚይዝ ነው። ስለዚህ የዜድን ፍጥነት ለብቻው ጠይቁ። ሻጩ ሁሉንም በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ ከመለሰላችሁ ሪሊፍ ሲቀርጽ የተቀረጸ፣ ያልተፋጠነ ቪዲዮ እንዲልክላችሁ ጠይቁት።

ትንሹ፦ 3018

ስሙ ራሱ የሥራ ቦታውን ይናገራል፤ 30 በ18 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ተፈታትቶ በካርቶን ይመጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ በተራ ሶኬት ይሠራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ግርብል በሚባል ነፃ የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ስለሆነ አብረውት የሚሠሩ ነፃ ሶፍትዌሮች ሞልተዋል። ስፒንድሉ ግን 775 የሚባል ትንሽ የዲሲ ሞተር ነው፤ ጉልበት የለውም። ጠንካራ እንጨት ላይ በአንድ ዙር ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ጥልቀት ስትሰጡት መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ይህ ማለት ግን የልጆች መጫወቻ ነው ማለት አይደለም። የእንጨት ህትመት የምትሠሩ ከሆነ ጥልቀቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፣ ሰሌዳውም ትንሽ ነው፤ 3018 በደንብ ያደርሳችኋል። ለማኅተም፣ ለጌጣጌጥ፣ ለትንንሽ ፊደላትም እንደዚያው። ትልቅ የፊት ሪሊፍ የምታስቡ ከሆነ ግን አትሞክሩት። ከላይ ያሰላነው 6 ሰዓት እዚህ ማሽን ላይ በጣም ይረዝማል፤ ያውም 30 በ30 ሰሌዳው ጠረጴዛው ላይ ከበቃ ነው፣ አይበቃም።

መካከለኛው፦ 6040 እና 6090

ለአብዛኛው ቀራፂና ሠዓሊ የመጀመሪያ ማሽን መሆን ያለበት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። 60 በ40 ወይም 60 በ90 ሴንቲሜትር ለብዙ የግድግዳ ሥራ ይበቃል። ትልቅ ሥራ ሲመጣም በክፍል በክፍል ቀርጾ መግጠም ይቻላል። ችግሩ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት 6090 ማሽኖች ፎቶ ላይ ተመሳስለው ሥራ ላይ የሰማይና የምድር ያህል መራራቃቸው ነው። ስለዚህ ስሙን ተዉትና ሐዲዱን ተመልከቱ።

ርካሹ ላይ ስፒንድሉን የተሸከመው ክፍል የሚንሸራተተው በሁለት ክብ ዘንጎች ላይ ነው፤ ዘንጎቹም የተያዙት ጫፍና ጫፋቸው ላይ ብቻ ነው። መሐላቸው ላይ በትንሹም ቢሆን ይለመጣሉ። ይህ ቀጥ ያለ ፊደል ላይ ላይታይ ይችላል። ጉንጭ ላይ ግን ይታያል፤ ለስላሳ መሆን የነበረበት ገጽ ላይ ቀጫጭን ሞገዶች ይቀራሉ። በብርጭቆ ወረቀት ልታጠፏቸው ስትሞክሩ የዓይን ሽፋሽፍቱንና የከንፈሩን ጠርዝ አብራችሁ ትፍቃላችሁ። የተሻለው ላይ ዘንጉ ከታች በሙሉ ርዝመቱ ተደግፏል። ከሁሉም የሚሻለው አራት ማዕዘን መልክ ያለው፣ ከብረቱ ጋር በብሎን የታሰረ ሐዲድ ነው። ሻጩ የዚህን ክፍል ቅርብ ፎቶ ይላክላችሁ፤ የጠቅላላ ማሽኑ ፎቶ አይጠቅምም።

ቀጥሎ እንቅስቃሴውን የሚያስተላልፈው ነገር አለ። ቺንጊያ ያላቸው ማሽኖች ቀላልና ፈጣን ናቸው፤ ለጠፍጣፋ ሥራ ምንም አይሉም። ነገር ግን ቺንጊያ ይለጠጣል። ተራ ጥርስ ያለው ዘንግ ደግሞ ዳዶው ሲበላ ክፍተት ይፈጥራል። ቦል ስክሩ የሚባለው ዳዶው ውስጥ የብረት ኳሶች አሉት፤ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ክፍተቱ በጣም ትንሽ ነው። ሪሊፍ ማለት መመላለስ ስለሆነ ቢያንስ ዜዱ ቦል ስክሩ ይሁን።

የስፒንድል ጉዳይ ብዙ አያከራክርም። 1.5 ወይም 2.2 ኪሎዋት፣ በደቂቃ እስከ 24,000 የሚዞር ይበቃችኋል። በአየርና በውሃ ከሚቀዘቅዘው ግን የቱ? በአየር የሚቀዘቅዘው ጣጣ የለውም፤ ድምፁ ግን ጆሮ ይበጥሳል። በውሃ የሚቀዘቅዘው ጸጥ ይላል፤ በዚያው ልክ ፓምፑ ከቆመ ስፒንድሉ ይቃጠላል፣ ውሃ በረዶ በሚሆንበት ቅዝቃዜም ያስቸግራል። ስቱዲዮ ውስጥ ለሰዓታት አብራችሁት የምትቀመጡ ከሆነ እኔ የምመክረው የውሃውን ነው። የእጅ ራውተር የተገጠመላቸው ማሽኖችም አሉ። ርካሽ ናቸው፣ ግን ይጮኻሉ፣ ካርቦናቸውም እያለቀ መቀየር ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ቪኤፍዲ የሚባለውን ሳጥን አደራ። ለስፒንድሉ ኤሌክትሪክ የሚያዘጋጅለት እሱ ነው፤ 24,000 ዙር የሚገኘው 400 ሄርዝ ሲሰጥ ነው። ለተራ የ50 ሄርዝ ሞተር እንደተስተካከለ ከመጣና ሳታዩት ካበራችሁት ስፒንድሉን ሊያቃጥለው ይችላል። ፋብሪካው ያስገባቸውን ቁጥሮች ዝርዝር በጽሑፍ ተቀበሉ። ማሽኑ እንደደረሰም ከማብራታችሁ በፊት አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ትልቁ፦ 1325

130 በ250 ሴንቲሜትር ነው፤ 122 በ244 የሆነውን ሙሉ የኮምፔርሳቶ ወይም የኤምዲኤፍ ጣውላ ሳይቆረጥ ይቀበላል። በብዛት የሚሠሩት ቻይና፣ ሻንዶንግ ግዛት፣ ጂናን ከተማ ነው። ብዙዎቹ ዲኤስፒ የሚባል በእጅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ አላቸው፤ ፋይሉን ከፍላሽ ያነባል፣ ኮምፒውተር ብናኝ ውስጥ ማስቀመጥ አያስፈልግም። ክብደቱ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ብዙ ጊዜ ስሪ ፌዝ መብራት ይጠይቃል። ፎርክሊፍትና ሰፊ በር ይጠይቃል። በር፣ መሠዊያ፣ የአዳራሽ ግድግዳ የሚቀርጽ ሰው፣ ትእዛዙም በእጁ ያለ ከሆነ፣ ይግዛ። «አንድ ቀን ትልቅ ሥራ ይመጣል» ብሎ ግን የመጀመሪያ ማሽን አድርጎ ባይገዛው ይሻላል። ለዚያ ማሽን የሚወጣው ገንዘብ ጥሩ 6090፣ ጥሩ ቢቶች፣ ብናኝ የሚስብ ማሽንና ሕጋዊ ሶፍትዌር ሊሸፍን ይችላል፤ ለጥበብ ሥራ እነዚህ ከስፋት ይበልጣሉ።

ብናኙን በቀላሉ አትዩት። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ተርታ አስቀምጦታል። ብናኝ የሚስበው ማሽንና ማስክ የማሽኑ ዋጋ አካል ናቸው ብላችሁ አስሉ።

ሶፍትዌሩ

ከድሮ ዘመን 6040ዎች ጋር ማክ 3 የሚባል የማሽን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አብሮ ይመጣል፤ የሚገናኘውም በፓራለል ፖርት፣ በድሮው የፕሪንተር መሰኪያ፣ ነው። ይህ አሠራር 32 ቢት ዊንዶውስ ይፈልጋል። ስለዚህ ወይ አሮጌ ኮምፒውተር ትፈልጋላችሁ፣ ወይ ሌላ መቆጣጠሪያ ትጨምራላችሁ። ከመጀመሪያው በዩኤስቢ ወይም በኔትወርክ የሚገናኝ መቆጣጠሪያ ያለውን ምረጡ።

አንዳንድ ሻጭ ደግሞ «አርትካም በነፃ» ይላል፤ አርትካም ሪሊፍ መንደፊያ ሶፍትዌር ነው። አውቶዴስክ አርትካምን መሸጥ ያቆመው በ2018 ነው፤ ሥራው ዛሬ ካርቬኮ በሚል ስም ቀጥሏል። በፍላሽ የሚሰጣችሁ ያለ ፈቃድ የተከፈተ ሕገወጥ ቅጂ ነው፤ ቫይረስ ይዞ ሊመጣም ይችላል። ቪካርቭ ለፊደልና ለጌጥ በቂ ነው። የራሳችሁን ሪሊፍ መሥራት ከፈለጋችሁ የዚያው ኩባንያ አስፓየር አለ። እነዚህን በሙከራ ቅጂያቸው ማሽኑ ሳይመጣ ተለማመዱ።

ሁለት ዋጋ ስታወዳድሩ

አንዱ ሻጭ ኤክስ ወርክስ፣ ሌላው ኤፍኦቢ፣ ሦስተኛው ሲአይኤፍ ዋጋ ይልክላችኋል። ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም። ኤክስ ወርክስ ማለት ከፋብሪካው በር ጀምሮ ሁሉም በእናንተ ነው። ኤፍኦቢ መርከብ ላይ እስኪጫን ያለውን ይሸፍናል። ሲአይኤፍ እስከ መድረሻ ወደብ ያለውን ጭነትና ኢንሹራንስ ይጨምራል፤ የወደቡን ክፍያና ቀረጡን ግን አይጨምርም። ሁሉም በአንድ ዓይነት ውል ዋጋ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ትራንዚተራችሁንም አስቀድማችሁ አማክሩ፤ የእንጨት ሥራ ማሽኖች የሚመደቡት በቀረጥ ኮድ ቁጥር 8465 ሥር ነው። ማሽኑ የሚታሸግበት ሳጥን ከጥሬ እንጨት ከሆነ ተባይ እንዳይኖረው ታክሞ የአይኤስፒኤም 15 ማኅተም ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ ወደብ ላይ ሊያዝ ይችላል።

መብራቱንም በጽሑፍ አስገቡ። «220 ቮልት ሲንግል ፌዝ» ወይም የእናንተ የሆነው ሁሉ ኢንቮይሱ ላይ ይስፈር። ትርፍ ኮሌት (ቢቱን የሚይዘው)፣ ሁለት ሊሚት ስዊች (አክሲሱ ጫፍ ሲደርስ የሚያሳውቁ)፣ አንድ የስቴፐር ድራይቨር (አክሲሱን ለሚያንቀሳቅሰው ሞተር ኤሌክትሪክ የሚሰጥ) አብረው ይታሸጉ። በኋላ ለብቻቸው ማስመጣት ከዋጋቸው በላይ ያስወጣል።

ቀሪው ክፍያ ከመላኩ በፊት ደግሞ አንድ ፋይል ላኩላቸውና በእናንተው ማሽን ላይ እንዲቀርጹት ጠይቁ። ፋይሉ ውስጥ ሦስት ነገር ይኑር፦ 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ፣ 30 ሴንቲሜትር ጎን ያለው አራት ማዕዘን፣ እና መዳፍ የምታክል ፊት። ክቡ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ በኩል ጠፍጣፋ ወይም እርከን ካለው፣ አክሲሱ አቅጣጫ ሲቀይር ክፍተት አለ ማለት ነው። የአራት ማዕዘኑ ሁለት ሰያፍ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ማሽኑ ቀጥ ብሎ አልተገጠመም። ፊቷን ደግሞ መብራት ከጎን አድርገው ፎቶ ያንሱላችሁ፤ ፊት ለፊት የበራ መብራት ሞገዱን ይደብቃል። ሰዓቱንም በቪዲዮ ይያዙት። ይህን የሚያደርግላችሁ ሻጭ ትንሽ ቢወደድም እሱን ምረጡ፤ «ሁሉም ማሽኖቻችን ተፈትሸዋል» ብሎ የሚያልፋችሁን ተዉት።