የጥጥ መንደፊያ ደጋኔ፦ ከ7 ወር በኋላ

ይቺን ትንሽ ደጋን ባለፈው ግንቦት ከባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ በ350 ብር ገዛኋት። ርዝመቷ ክንድ ከስንዝር ነው። ቆመጧ የአዊ ቀርከሃ፣ አውታሯ ጅማት። ሐሳቤ ለአባቴ ጋቢ ማግ መፍተል ነበር። ድሩን ሸማኔው ከፋብሪካ ክር ይዘረጋዋል፤ ማጉ ግን የእጅ ፈትል ካልሆነ ጋቢው አይሞቅም ባይ ነኝ።

ሥራዋን ልመስክር። የተዳመጠ (ፍሬው የወጣለት) ጥጥ ላይ አስጠግቼ ጅማቱን በጣቴ ስቤ ስለቀው “ድም!” ይላል። ጥጡ ብን ብሎ ይነሳል፣ ጉድፉ ይራገፋል። ኩፍ ያለ ባዘቶ! ከዚያ አመልማሎ ጠቅልሎ ወደ እንዝርት ነው። በእጄ ብቻ ሳባዝት ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር።

ጣጣው ጅማቱ ነው። ቤታችን ከጣና ብዙ አይርቅም። ሐምሌ ሲገባ እርጥበት ጠጥቶ ላላ። ጥጡ መነሳቱን ትቶ ይጠቀለልበት ጀመር። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ አጥብቄ ወጠርኩት። ዝናቡ አባርቶ ሁለት ቀን ፀሐይ ሲወጣ ጅማቱ ደርቆ ከረረ። ማታ ቡና ላይ ሳለን “ጧ!” ብሎ ተበጠሰ። እናቴ ስኒዋን ልትለቀው ነበር።

“ስትጨርሺ አስተኚያት እንጂ! አንቺ ቀን ከሌት ተወጥረሽ ትችያለሽ?”

ማስተኛት ማለት አንዱን ጫፍ ፈትቶ ማላላት ነው። ስወጥራት የታሰረውን ጫፍ መሬት አስይዤ፣ ሆዷን በጉልበቴ ገፍቼ፣ የጅማቱን ቀለበት ወደ ጥርቡ፣ ማለትም ቀለበቱ እንዲይዝበት የቀርከሃው ጫፍ ላይ ወደተጠረበው ቦታ፣ አንሸራትታለሁ። ፊታችሁን ዘወር አድርጉ። አንዴ አምልጣኝ አገጬን ጠልዛኛለች።

ጅማቱ የተበጠሰበትን ቦታ ሳየው ደግሞ ጥርቡ እንደ ምላጭ ነበር። ሻጩ አላለሰለሰውም። በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ አዲስ ጅማት አሰርኩ፤ እስካሁን አለ።

በመሃል ከአሳ አጥማጅ ጎረቤታችን የመረብ ናይለን ለምኜ ሞክሬ ነበር። እርጥበት አይነካውም፣ እውነት ነው። ግን ይለጠጣል፣ ጣትም ይቆርጣል። በሁለተኛው ሳምንት ፈታሁት።

ሰም የምቀባው የጅማቱን ጫፎች ብቻ ነው። መሃሉን የቀባሁ ዕለት የተለጠፈ ጥጥ ስለቅም ዋልኩ። ደጋኗ የምትሰቀለው ከምድጃው በላይ ነው፤ ጢሱ ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ባዘቶው ትንሽ ጢስ ጢስ ይላል እንጂ ሲታጠብ ይለቃል።

ደግሜ እገዛታለሁ ወይ? አዎ፣ ግን መጀመሪያ ጥርቡን በጣቴ ዳብሼ። ማጉ ሸማኔው ቤት ገብቷል። ለገና ይደርሳል ብሎኛል፤ ባለፈው ደግሞ ለመስቀል ብሎኝ ነበር።