የእማዬን ዓይን ላየችልን ሐኪም

እማዬ የቀኝ ዓይኗን የሞራ ግርዶሽ ኦፕራሲዮን ከሆነች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ያኔ ፋሻው በተነሳ ማግስት የግድግዳውን ሰዓት ከአልጋዋ ሆና ታነብ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ምስር ስትለቅም ጠጠሩ ያመልጣት ጀመር። ማታ የመኪና መብራት ይበተንባታል። "ጉም ውስጥ ያለሁ ነው የሚመስለኝ" ትለኛለች። ጎረቤቱ ሁሉ "ሞራው ተመልሶ ነው" አለን። መነጽር ሁለቴ አስቀየርን፣ ለውጥ የለም። ድጋሚ ቢላ ፈርታ "ያረጀ ዓይን ነው፣ ተዉት" ማለት ጀመረች።

በመጨረሻ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ዓይን ክፍል ወሰድኳት። የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ናት። ፈቃዷን ስላልጠየቅኩ ስሟን አልጽፍም። ጠብታ ጨምራ በማሽኑ ካየቻት በኋላ ወንበሯን ወደ እማዬ አስጠጋች።

"እማማ፣ ሞራ አንዴ ከወጣ አይመለስም" አለቻት። "ሽንኩርት ሲልጡ በመሃል ያለችውን ስስ ቆዳ ያውቋት የለ? የዓይን ሌንስም እንደዚያ ያለ ከረጢት አለው። ሞራውን ሲያወጡልዎት ከረጢቱን ትተውታል፤ አዲሱን ሌንስ የሚይዘው እሱ ነው። እዚያ የቀሩ ጥቃቅን ሴሎች እያደጉ ጀርባውን አደበዘዙት። ሌንስዎ ደህና ነው።"

እማዬ ፊቷ ሲፈታ አየሁ። እስከዚያ ድረስ በሚገባት አማርኛ የነገራት ሰው አልነበረም።

ሕክምናው ያግ ሌዘር ይባላል። ቢላም መርፌም የለውም። አገጯን ማሽኑ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች፣ ሌዘሩ የደበዘዘውን ከረጢት መሃሉን ከፈተው፣ በጥቂት ደቂቃ አለቀ። ሐኪሟ "ጠቅ ሲል አይደንግጡ" እያለች እስከ መጨረሻው አወራቻት። የዓይኗን ግፊት ከለካች በኋላ እጇን ይዛ እስከ አግዳሚው ወንበር ሸኘቻት። ለእኔም ለብቻዬ ነገረችኝ፦ ለጥቂት ቀን ጥቁር ነጠብጣብ ሲንሳፈፍ ብታይ ችግር የለውም። መብረቅ የመሰለ ብልጭታ ከበዛባት ወይም ጥላ እንደ መጋረጃ ከወረደባት ግን ቀጠሮ ሳንጠብቅ በዚያው ቀን እንድንመጣ።

ወላጆቻችሁ ሞራ ከወጣላቸው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ "ደበዘዘብኝ" ካሉ መነጽር ለመቀየር አትሩጡ። መጀመሪያ የዓይን ሐኪም ይያቸው። የት እንሂድ ለምትሉኝ፣ እኔ ያየሁት ይሄንን ክፍል ነው፣ አምኜ እጠቁማለሁ።

ዶክተርዬ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰሽ፣ እማዬ ዛሬ ሰፌዷን በረንዳ ላይ ይዛ ምስሯን ራሷ እየለቀመች ነው። "ያቺ የሽንኩርቷ ልጅ" እያለች ስትመርቅሽ ዋለች። እግዜር ይስጥልን።