ፀሐይን በቴሌስኮፕ ከጣና ዳር፦ የማጣሪያ ፊልም ከአሥር ወር አገልግሎት በኋላ

በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ለሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ ገዝቼ በመሳቢያ ያኖርኩትን የካርቶን መነጽር አውጥቼ ወደ ሰማይ ብመለከት፣ ያለ ምንም ማጉያ አንዲት ጥቁር ነጥብ በፀሐይ ፊት ላይ አየሁ። ነጥቧ ከምድር 15 እጥፍ ያህል የሚሰፋ የነጠብጣብ ስብስብ እንደነበረች፣ በዚያው ሰሞንም በዋልታ አካባቢ የሚታወቀው የሌሊት ብርሃን ከዋልታ ርቀው በሚገኙ አገሮች ሳይቀር እስኪታይ ድረስ ብርቱ መግነጢሳዊ ማዕበል እንዳስነሣች የተረዳሁት ኋላ ነው። ለሌሊት ሰማይ ብቻ እጠቀምበት የነበረውን ቴሌስኮፕ ቀን ለማውጣት የወሰንኩት ያን ጊዜ ሲሆን፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ማጣሪያ ፊልም በእጄ የገባው ግን በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ለአሥር ወራት፣ በበጋው በሳምንት አራትና አምስት ጠዋት፣ በክረምቱ ደግሞ ደመናው ሲገለጥ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ስጠቀምበት ቆይቻለሁ።

ቴሌስኮፑ የፊት ሌንሱ ስፋት 90 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ (ሌንሱ ብርሃኑን አንድ ቦታ ላይ የሚሰበስብበት ርቀት) 900 ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ ባለሌንስ ቴሌስኮፕ ሲሆን፣ በእጅ ወደ ጎንና ወደ ላይ በሚንቀሳቀስ ባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይቀመጣል። ፊልሙን ያመጣችልኝ ከጀርመን የመጣች የአክስቴ ልጅ ናት፤ የአንድ ገጽ ወረቀት የሚያህለው ዋጋው 30 ዩሮ አልሞላም። ሁለት ገጹ በብረት የተለበጠ፣ ከላስቲክ ከረጢት የማይወፍር፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ብርማ ነገር ነው፤ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ100,000 እጅ አንዱን ብቻ ያሳልፋል። ከገጹ ሁለት ክብ ቆርጬ አንዱን ከወፍራም ካርቶን በሠራሁት ቀለበት መካከል አጣብቄ፣ ቀለበቱ በቴሌስኮፑ አፍ ላይ ልክክ ብሎ እንዲገባ አደረግሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፊልሙን እንደ ከበሮ ቆዳ ለመወጠር በመሞከር ነው፤ ረገብ ብሎ ቢሸበሸብ ምስሉን አይጎዳውም፣ ሲወጠር ግን ምስሉ ጥራቱን ያጣል።

ከሁሉ አስቀድሞ ልብ ሊባል የሚገባው ማጣሪያው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ቴሌስኮፑን ያገለገለ ስገዛ፣ ከሳጥኑ ውስጥ ዓይን በሚጠጋበት በዓይን ሌንሱ ሥር የምትጠመዘዝ አንዲት ጥቁር አረንጓዴ ትንሽ መስታወት ነበረች፤ ለፀሐይ መመልከቻ ተብላ የተሠራች ናት። የፊት ሌንሱ በ90 ሚሊ ሜትር ስፋት የሰበሰበው ብርሃን ትኩረቱ ላይ ሲደርስ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነች የፀሐይ ምስል ላይ ስለሚከማች፣ በዚያ አካባቢ የተቀመጠ መስታወት ግሎ በድንገት ሊሰነጠቅ ይችላል። በዚያች ቅጽበት ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን፣ በቀን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የምትከፈተው የዓይን ብሌን ብቻዋን ከምታስገባው ሁለት ሺህ እጥፍ ያህል ነው። በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሥሥ ሽፋን ደግሞ የሕመም ስሜት የለውም፤ ሰው መቃጠሉን የሚያውቀው እያቃጠለው ሳይሆን በኋላ የሚያየው ነገር መካከሉ ሲጠፋበት ነው። ስለዚህ ማጣሪያ መቀመጥ ያለበት ብርሃኑ ከመሰብሰቡ በፊት፣ በቴሌስኮፑ አፍ ላይ ነው። ያችን መስታወት እኔ ባልጠቀምባትም ሌላ ሰው አግኝቶ እንዳይጎዳባት በመዶሻ ሰብሬ ጣልኳት።

በኅዳር ወር ደግሞ ዋናውን ቴሌስኮፕ በሚገባ ሸፍኜ፣ በጎኑ የተተከለችውን፣ ወደሚፈለገው ነገር ለማነጣጠር የምታገለግለውን ትንሿን ማፈላለጊያ ቴሌስኮፕ ሳልሸፍን ቀረሁ። ዓይኔን ወደ ዋናው አስጠግቼ ሳለሁ የጥቁር ጃኬቴ ትከሻ ሞቅ አለኝ፤ ወዲያው የተለበለበ ጨርቅ ሸተተኝ። ዘወር ብዬ ሳይ ከማፈላለጊያዋ የወጣ የጣት ጥፍር የሚያህል ብርሃን ጨርቁ ላይ አርፏል። ከትከሻዬ ይልቅ ጎንበስ ያለ የልጅ ፊት በቦታው ሊኖር ይችል እንደነበር ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማፈላለጊያዋን ፈትቼ ቤት ትቻት እወጣለሁ። ፀሐይን ለማግኘት ጥላ ይበቃል፦ ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ ቱቦው መሬት ላይ የሚጥለውን ጥላ እያየሁ ቀስ በቀስ አዞረዋለሁ፤ ረዥሙ ጥላ አጥሮ አጥሮ ክብ ሲሆን ፀሐይ በሌንሱ መካከል ገብታለች ማለት ነው። አሁን ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅብኝም።

በዚህ ፊልም የምትታየው ፀሐይ ብዙዎች እንደሚጠብቁት ቢጫ ሳትሆን ነጭ፣ ጥቂትም ወደ ሰማያዊ የምታደላ ናት። በ36 እጥፍ ስትጎላ ሙሉ ክቧ ይታያል፤ ጠርዟ ከመካከሏ ይልቅ ደብዘዝ ይላል፣ በዚያ ደብዛዛ ጠርዝ ላይም ከአካባቢያቸው የደመቁ የተጠላለፉ ክሮች ይታያሉ። በ90 እጥፍ ወደ አንድ ነጠብጣብ ሲቀርቡ፣ ጥቁሩ እምብርት በግራጫ ዙሪያ ተከቦ፣ ግራጫውም እንደ ዓይን ብሌን ዙሪያ በቀጫጭን ጨረሮች ተሰንጥሮ ይገኛል። ጥቁር የሚመስለው ከአካባቢው ስለሚቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን እምብርቱ ከዚያ በሁለት ሺህ ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። በታኅሣሥና በጥር በየጠዋቱ በደብተር ላይ ክብ እያሠመርኩ የነጠብጣቦቹን ቦታ መዘገብኩ፤ አንዱ ስብስብ በአንዱ ጠርዝ ገብቶ በሌላው እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ጥቂት ቀረው። ገጾቹን በተከታታይ ስገልጥ የፀሐይን መዞር በገዛ እጄ ጽሑፍ አየሁት፤ አሥሩ ወር ከሰጠኝ ሁሉ የምወደው ያን ደብተር ነው። በአንዱ ጠዋትም አንድ የጣና ይብራ ክንፉን ዘርግቶ በፀሐይ ክብ ላይ ከዳር እስከ ዳር አለፈ፤ የላባዎቹ ጫፍ ሳይቀር ተለይቶ ይታይ ነበር።

የፊልሙን አቅም በትክክል ያወቅሁት ግን ቦታ ከለወጥኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ከቤቴ ግቢ እመለከት ነበር፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ የሰፈሩ ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ግሎ አየሩን ስለሚያናውጠው፣ የፀሐይ ጠርዝ እንደሚፈላ ውኃ ይንተከተክ ነበር። ጥፋቱን ለብዙ ሳምንት በማጣሪያው ላይ ጥዬ ነበር። በየካቲት መቆሚያውን ተሸክሜ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩና ነፋሱ ከውኃው ወደ የብስ በሚመጣበት በኩል፣ ሣር ላይ ተከልኩት። ውኃ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ በላዩ ያለው አየር የተረጋጋ ነው፤ በካሊፎርኒያ የቢግ ቤር የፀሐይ መመልከቻ ጣቢያ፣ በሕንድም የኡደይፑር ጣቢያ በሐይቅ ውስጥ የተሠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያ ቀን ከ2 እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ፣ አየሩ ለሁለትና ሦስት ሰከንድ ጸጥ ባለ ቁጥር፣ የፀሐይ ገጽ በሙሉ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቀ ነገር እንደተነሰነሰበት ሆኖ ታየኝ። እያንዳንዷ ፍሬ ከውስጥ የሚወጣ የጋለ ጋዝ አረፋ ስትሆን ስፋቷ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዕድሜዋም በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። ያንኑ ፊልም በዚያው ቴሌስኮፕ ከግቢዬ ሳየው ይህን አንድም ቀን አሳይቶኝ አያውቅም።

ቀትር ላይ መመልከት ለእኛ ኬክሮስ አይመችም። በሚያዝያ 12 አካባቢ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ከባሕር ዳር አናት ትክክል ላይ ስለምትሆን የመብራት እንጨት እንኳ ጥላ አይኖረውም፤ የቴሌስኮፑ ጭራ ከመቆሚያው እግሮች ጋር ይጋጫል፣ ጥላን ተከትሎ ማነጣጠርም አይቻልም።

ስለ ጥንካሬው ስናገር፣ ፊልሙ በእርጅና ምክንያት ሲለወጥ አላየሁም፤ የሚያሰጋው ነፋስና አቧራ ነው። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲበረታ ቀለበቱ ሊነቀል ስለሚችል፣ ልክክ ማለቱን ሳላምን ሁልጊዜ በሦስት ቦታ በፕላስተር አስረዋለሁ። አቧራውን በጨርቅ መጥረግ ሽፋኑን ስለሚጭረው እፍ ብዬ ከማራገፍ አላልፍም። ከመውጣቴ በፊት ደግሞ በየቀኑ ወደ አምፖል አቅንቼ ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ እንደሌለው አያለሁ፤ በግንቦት መጨረሻ በመርፌ የተወጋ የሚመስል አንድ ብልጭታ ስላየሁ ያን ክብ ወዲያው ጥዬ ሁለተኛውን ተካሁ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከእርጥበት እንዲርቅ ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ነው የሚያድረው።

በሐይቁ ዳር የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ዘበኛ በመጀመሪያው ቀን ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ ፀሐይ እኮ አትታይም፤ ዓይን ታጠፋለች» አሉኝ። «እውነትዎን ነው አባባ» ብዬ ፊልሙን በእጃቸው አስይዤ፣ ወደ መብራት አቅንተው እንዲያዩትና መጋረጃ መሆኑን እንዲረዱ አደረግሁ፤ ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን አስጠግተው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ። ይልቅ ያሳሰበኝ የ2012ቱን የግርዶሽ መነጽር አድርገው ማጣሪያ በሌለው ቴሌስኮፕ ማየት የሚቻል የሚመስላቸው ወጣቶች ነበሩ። ያ መነጽር የተሠራው ላልተጠናከረ ብርሃን ነው፤ ከዓይን ሌንስ በኋላ ሲሆን በቅጽበት ይበሳል።

ከጠርዟ የሚወነጨፉትን የእሳት ምላሶች ለማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ፊልም አይሆንም። እነሱን የሚያሳየው 656.28 ናኖ ሜትር ላይ ያለውን ቀይ የሃይድሮጅን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ መሣሪያ ሲሆን፣ ዋጋው ከፊልሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በፊልሙ ፋንታ ብርሃኑን በፕሪዝም የሚቀንሰው የኸርሸል መሣሪያም ምስሉ የጠራ ነው ይባልለታል፤ ነገር ግን ለባለሌንስ ቴሌስኮፕ ብቻ የሚሆን ነው፣ ጨረሩም ተሰብስቦ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ከመጠቀም እኔ እቆጠባለሁ።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በላይኛው ግብፅ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ግርዶሽ ለባሕር ዳር በከፊል ይደርሳታል። ወሩ የዝናብ ወር ስለሆነ ደመናው የሚገለጠው ለጥቂት ደቂቃ ሊሆን ይችላል፣ በዚያች ደቂቃም አንድ ቴሌስኮፕ ለተሰበሰበው ሰው አይዳረስም። ከፊልሙ የተረፈውን ረጅም ቁራጭ ስለዚህ ለሁለት ከፍዬ ለባይኖኩላሬ ሁለት አፍ መክደኛ ሠርቼበታለሁ፤ ትናንት ወደ አምፖል አቅንቼ አየሁት፣ አንድም ቀዳዳ የለውም።