ስልክ የሚሰካበት የቪአር መነጽር፦ ጥልቀቱ ያረካል፣ እንቅስቃሴው ያዞራል

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የስልክ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች የሚገኘው የቪአር (በምስሉ ውስጥ ያላችሁ የሚያስመስል) መነጽር ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ ባትሪም ስክሪንም የለውም። ያለው ሁለት ሌንስ፣ መሃሉን የሚከፍል ግድግዳና የስልክ ማስገቢያ ነው። ሥራውም ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ምስል ለይቶ መስጠት ብቻ ነው። እንግሊዛዊው የሳይንስ ሊቅ ቻርልስ ዊትስተን በ1838 እ.ኤ.አ. በመስታወት ያሳየው ይህንኑ ነበር፤ ሁለቱ ዓይኖች ትንሽ የተለያየ ምስል ሲደርሳቸው አንጎል ልዩነቱን እንደ ርቀት ያነበዋል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የብሌናችሁን ርቀት ለኩ። መስታወት ፊት ቁሙና ማስመሪያ ቅንድባችሁ ላይ አሳርፉ። ቀኝ ዓይን ጨፍናችሁ ዜሮውን ከግራ ብሌን መሃል አስተካክሉ፤ ማስመሪያው ሳይነቃነቅ ግራውን ጨፍናችሁ በቀኝ ብሌን ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። የአዋቂ ሰው አማካይ 63 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሌንሱ ወደ ጎን የማይንቀሳቀስ ሳጥን ለጠባብም ለሰፊም ፊት አይሆንም፤ ምስሉ ሁለት ይሆናል፣ ግንባርም ያማል። ማስተካከያ ያለውን ምረጡ።

ቀጥሎ ስልኩ ጋይሮስኮፕ (መዞርን የሚለይ መሣሪያ) እንዳለው እወቁ። ዩቲዩብ ላይ ዙሪያውን ሁሉ የሚያሳይ የ360 ዲግሪ ቪዲዮ ከፍታችሁ ስልኩን ይዛችሁ ዙሩ። ምስሉ አብሮ ካልዞረ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ብዙ ሰው «ጥልቀት የለውም» ብሎ ሳጥኑን የሚመልሰው ሳጥኑ ሳያጠፋ ነው። አብዛኛው የ360 ቪዲዮ ለሁለቱም ዓይን አንድ ዓይነት ምስል ይሰጣል። ለመለየት አንዱን ዓይን ከዚያ ሌላውን እያፈራረቃችሁ ጨፍኑ፦ ቅርብ ያለው ነገር ከኋላው ካለው አንጻር ዘለል ካለ እውነተኛ ስቴሪዮ (ለሁለቱ ዓይን የተለያየ ምስል የሚሰጥ) ነው። በልጅነት በዓይን መንሸዋረር ምክንያት ሁለቱን ዓይን አስተባብሮ ማየት ያልለመደ ሰው ግን ስቴሪዮውም ላይታየው ይችላል።

ችግሩ እንቅስቃሴው ላይ ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በባጃጅ ስትመጡ የመንገድ ዳር ምሰሶ ሽው ብሎ ያልፋል፣ ተራራው ይዘገያል። አንጎል ከዚህ የፍጥነት ልዩነት ርቀት ይሰፍራል፤ የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮም መንገጫገጩን ይመሰክራል። ሳጥኑ ውስጥ ዓይን «እየሄድን ነው» ሲል ጆሮ «ወንበር ላይ ነን» ይላል፤ ማቅለሽለሹ ከዚህ ይመጣል። ሌላም አለ፦ ስልኩ የሚያውቀው የጭንቅላትን መዞር እንጂ ወደ ጎን መጠጋትን አይደለም። ከምሰሶ ጀርባ ያለውን ለማየት ዘንበል ብትሉ ምሰሶው አብሯችሁ ይሄዳል። በ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል በሚቀይር) ስክሪን ደግሞ አንድ ምስል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል፤ ራስ ቶሎ ሲዞር ምስሉ ይደበዝዛል። ስልኩ ታፍኖ ሲግል ይብሳል።

ፍርዳችን፦ ለስቴሪዮ ፎቶና ካሜራው ቆሞ ለተቀረጸ ቪዲዮ ይገዛል። ለሮለር ኮስተር (ሽቅብ ቁልቁል ለሚሮጥ የመዝናኛ ባቡር) ቪዲዮ አይገዛም፣ ሻጮች ለማሳመን መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ቢሆንም። በመጀመሪያው ቀን ከ10 ደቂቃ አትለፉ፤ ምራቅ መብዛት ሲጀምር አውልቁ፣ «እለምደዋለሁ» ብሎ መግፋት ያባብሳል። አፍንጫ ድረስ የሚመጣ ምስልም ዝለሉ፤ ዓይኖች ለቅርብ ነገር ወደ ውስጥ ሲዞሩ የዓይን ሌንስ ግን በአንድ ርቀት ላይ መቆየት አለበት፣ ያ ያደክማል።

ሌንሱን በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ። ስልኩ ሳጥኑ ውስጥ እያለ በረንዳ ላይ ወደ ፀሐይ አዙራችሁ አትተዉት፤ ሌንሱ ጨረሩን እንደ ማጉያ ሰብስቦ ስክሪኑን ሊያቃጥለው ይችላል።